ሞተሩ ምን ይላል?
አሮጌ መኪናን በጆሮ ስለመመርመር በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 ይህን ንግግር ያዘጋጀነው የማኅበሩን መኪና የምንከታተል ሦስት አባላት ነን። ሦስታችንም መካኒክ አይደለንም። አንዳችን ልብስ ሰፊ፣ አንዳችን በርበሬ ነጋዴ፣ አንዳችን የወፍጮ ቤት ሂሳብ ያዥ ነን። ስለ ሞተር ድምፅ እንድንናገር የተመረጥነው ካለፈው ስብሰባ ክርክር የተነሣ ነው። «መኪናው ጮኸ፣ ሞተር ይውረድ ተባልን፤ ከቁጠባችን ገንዘብ ይውጣ ወይስ አይውጣ?» ብለን እስከ መግሪብ ድረስ ተነጋግረን ሳንስማማ ተለያየን። ከቁጠባው የሚወጣው ገንዘብ ለአምስት አባላት ብድር የታሰበ ነበር። ስለዚህ የአንድ ሞተር ድምፅ የአምስት ቤት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንበል። አሮጌ መኪና ማፍረስና መቀየር ለእኛ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በእጃችን ያለው ዲኤክስ ኮሮላም፣ ሚኒባስም፣ ፒክአፕም ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራል። እንደ ጥገት ላም ጠባዩን አውቀን ልንይዘው ይገባል።

ጠባዩን ለማወቅ ደግሞ ሴቶች ከማንም አናንስም። ወፍጮ ቤት ቆመን እህሉ ከአፉ ሲያልቅ በድምፁ እናውቃለን። ቡና ስንቆላ ጢስ ሳይበዛ ፍሬው ሲንጣጣ ሰምተን ከእሳት እናወጣለን። የስፌት መኪና መርፌው ሊሰበር ሲል ገና ከመሰበሩ በፊት እንሰማዋለን። ሞተርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እንዲያውም የጋራዥ ቃል ራሱ ከቤት የመጣ ነው። ብዙዎቹ ቃላት ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ማርሚታ የምንለው የጭስ ማውጫ በጣሊያንኛ ድስት ማለት ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት ተደግፎ የሚያርፍበት ስለሆነ ነው። ካንዴላ ሻማ ነው። ድስት፣ ትራስና ሻማ የምታውቅ ሴት ጋራዥ ስትገባ የምታፍርበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪና ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ «ይህ ምን ይሆን?» ብለን ከመደንገጣችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛው፣ መቼ ነው የሚሰማው? ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ሲሞቅ? ሲነሣ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይም?

ሁለተኛው፣ ድምፁ የሚከተለው ማንን ነው? መኪናውን አቁመን ማርሹን ነፃ አድርገን፣ የእጅ ፍሬን ይዘን ነዳጅ እንስጠው። ድምፁ ከሞተሩ ጋር ከፈጠነ የሞተር ነው። ቆሞ ሳለ ዝም ብሎ ሲሄድ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ከጎማ፣ ከፍሬን ወይም ከማስተላለፊያው ነው፤ በዚያ ምክንያት ሞተር የሚፈታ ሰው ካለ እናስቁመው። ፍሪሲዮን ስንረግጥ የሚመጣ፣ ስንለቅ የሚጠፋ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

ሦስተኛው፣ ከየት ነው የሚመጣው? ከላይ፣ ከታች፣ ከፊት ቺንጋው ካለበት፣ ወይስ ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ጎን? ለዚህ ረጅም ካቻቪቴ ይበቃል። ጫፉን ከማይንቀሳቀስ የሞተር አካል ላይ አስደግፈን እጀታውን ከጆሯችን አጠገብ ባለው አጥንት ላይ ብናደርግ ድምፁ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ተለይቶ ይሰማል። ሁለት ክንድ የሚሆን የውኃ ጎማም ያገለግላል፤ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ወደ ሞተሩ እያዘዋወርን እናዳምጣለን። ጎማው በተለይ አየር የሚያፈስ ቀዳዳ ለማግኘት ጥሩ ነው።

ነገር ግን ከማዳመጣችን በፊት ስለ ጥንቃቄ እንናገር፤ ይህን ሳይሰማ ወደ ሞተር የሚጠጋ አባል እንዲኖር አንፈልግም። ሻሽ፣ ነጠላ፣ ጅልባብና ረጅም እጅጌ በሚሽከረከር ቺንጋ ከተያዘ ሰው ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ልብሳችንን አጥብቀን እንሰር፣ አምባርና ቀለበት እናውልቅ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ሞተሩ ከጠፋም በኋላ በራሱ ሊዞር ይችላል። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ የፈላው ውኃ ፊት ያቃጥላል። ሞተር በተዘጋ ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አይነሣም፤ ጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለ። ልጆች ከአጠገብ ይራቁ።

አሁን ድምፆቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ጠዋት ሲነሣ የሚያፏጭና ከትንሽ ቆይታ በኋላ የሚተው ከሆነ በአብዛኛው የላላ ወይም የደረቀ ቺንጋ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። እጃችንን አርቀን ጥቂት ውኃ ቺንጋው ላይ ጠብ እናድርግ። ፉጨቱ ለአፍታ ከጠፋ ቺንጋው ነው። ሞተሩን አጥፍተን በአውራ ጣት ስንጫነው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ የሚበልጥ ከገባ ልል ነው። ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይቀየር። ይህ ከሁሉም በዋጋ ያነሰው ጥገና ነው።

የማያቋርጥና ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚወጣ የማጉረምረም ድምፅ ከፊት ሲሰማ የኩሽኔታ ነው። የዲናሞው ወይም የውኃ ፓምፑ ይሆናል። ካቻቪቴውን በየተራ ብናስደግፍ ድምፁ የጎላበት እሱ ነው። በፓምፑ ሥር የውኃ ፍሳሽ ምልክት ካለ አንዘግይ። ፓምፑ ሲቆም ሞተሩ ይፈላል፣ የፈላ ሞተር ደግሞ የላይኛውን ክፍል አጣምሞ ትልቅ ወጪ ይወልዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከላይ የሚሰማ ቀላል፣ ፈጣንና እንደ ስፌት መኪና የተስተካከለ ታክ ታክ ደግሞ የቫልቭ ነው። በሚኒሞ ሞተር በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህ በሰከንድ 13 ዙር ነው። አንድ ቫልቭ ግን በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ስለሚከፈት በሰከንድ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ብቻ ይመታል። ይህ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ዘይት እንይ። ዘይቱ ሙሉ ከሆነና ድምፁ ካለ፣ እንደ ዲኤክስ ኮሮላ ባሉ አሮጌ ሞተሮች ክፍተቱ በብሎን የሚስተካከል ነው። ክፍተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ አይበልጥም። ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከጎን የሚሰማ፣ ጠዋት የሚበረታና ሲሞቅ የሚቀንስ «ጭስ ጭስ» የሚል ምት ደግሞ የጭስ ማውጫው መገናኛ እየተነፈሰ ነው። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይጠባል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ይህና የቫልቭ ድምፅ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት በሁለት ነገር ነው። ጭስ የሚያፈስ ቦታ ዙሪያው ጥቀርሻ ይይዛል፤ ልክ ክዳኑ ያልገጠመ ምድጃ እንደሚያጠቁረው። ደግሞ በውኃ ጎማው ስናዳምጥ ትንፋሹ ጆሯችን ላይ ይመታል።

ዳገት ላይ ነዳጅ ስንሰጥ ጠጠር የያዘ ቆርቆሮ እንደሚወዘወዝ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ ወይም በተሳሳተ ሁኔታ እየነደደ ነው። ይህ በእኛ አገር የራሱ ምክንያት አለው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በታች ናት፤ ሞቃት ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የእሳቱን ጊዜ ቀደም አድርገው የሚያስተካክሉ አሉ። ያ መኪና ወደ ቦርከና ሜዳ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ያኔ መንቀጫቀጭ ይጀምራል። መፍትሔው ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ማቅለል፣ ከዚያም የእሳቱን ጊዜና የራዲያተሩን ውኃ ማስመርመር ነው። ዝም ከተባለ ፒስቶን ይበሳል።

የመጨረሻው የሚያስፈራው ነው። ከታች የሚመጣ፣ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚወርድ ከባድ፣ ሞተሩ ሲሞቅና ሸክም ሲበዛበት የሚብስ ምት። ይህ የብሮንዚና መበላት ነው። አብሮት ብዙ ጊዜ የዘይት መብራት በሚኒሞ ላይ ብልጭ ይላል። መብራቱን ታውቁታላችሁ፤ ቀይ ሆኖ አፏ ጠብታ የምታንጠባጥብ ጀበና የመሰለው ነው። ጀበናዋ ከበራች ሞተር ይጥፋ። «እስከ ሐርቡ ልድረስ፣ እስከ ኮምቦልቻ ልድረስ» አይባልም። ያለ ዘይት ግፊት ጥቂት ደቂቃ የሄደ ሞተር ብረት ከብረት ይበላል።

በናፍጣ የሚሠሩት ሚኒባሶችና አይሱዙዎች ተፈጥሯቸው መንኳኳት ስለሆነ በእነሱ የምንፈልገው ለውጥን ነው። ትናንት ያልነበረ ዛሬ ከመጣ፣ ከአራቱ ሲሊንደር የአንዱ ብቻ ምት ከጎላ ምናልባት ኖዝል ነው። ይህን መፈተሽ ግን የመካኒክ ነው፤ የናፍጣ ቱቦ ከፍተኛ ግፊት ስላለው ቆዳ ይበሳል። እጅ አይነካውም።

ከድምፁ ጋር ሁልጊዜ ዘይት እንይ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ፣ መለኪያው ወጥቶ ይጠረግና እንደገና ይግባ። ከሁለቱ ምልክት መካከል መሆን አለበት። መልኩ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። በጣት ሲታሽ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ካለ ብሮንዚናው እየተበላ ነው። ይህን ለማየት ማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ባለፈው ክርክራችን እንመለስ። የማኅበሩ ኮሮላ መስከረም ላይ ጠዋት ጠዋት መምታት ጀመረ። የመጀመሪያው ባለሙያ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ሰማና «ብሮንዚና ነው፣ ሞተር ይውረድ» አለን። እኛ ለሁለት ሳምንት በየማለዳው ጻፍን። ድምፁ ሲነሣ ይበረታል፤ አምስት ደቂቃ ሲሠራ ይቀንሳል፤ ከሰንበቴ ገበያ ጭነን ስንመለስ፣ ሞተሩ በሞቀበት ሰዓት፣ አይሰማም። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ጀበናዋ ወዲያው ትጠፋለች። ብሮንዚና ቢሆን ሲሞቅና ሲጫን ይብስ ነበር እንጂ አይሻለውም። ጎማውን ስናዞር ደግሞ ትንፋሹን አገኘነው፤ ዙሪያው ጥቀርሻ ይዟል። ሌላ ባለሙያ ጠርተን ደብተሩን አሳየነው። የጭስ ማውጫውን ጋስኬትና አንድ የተሰበረ ብሎን ቀየረ። ወጪው ከወርሃዊ ማስኬጃችን ተሸፈነ። የአምስቱ አባላት ብድር በቦታው አለ።

ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያው መካኒክ ሁሉ ያታልላል፣ ጆሯችን ይበቃናል» እንዳትሉ እንለምናለን። ሁለተኛውን ታሪክ የምንናገረው ለዚህ ነው፤ ባለቤቷ ፈቅዳልናለች። አንዲት አባላችን ቤተሰቧ የሚተዳደርበት ሚኒባስ አለ። ለዒድ ዋዜማ መንገደኛ በሚበዛበት ሳምንት ከታች መምታት ጀመረ። ሞቆ ሲጫን ይብሳል፤ ጀበናዋ በሚኒሞ ብልጭ ትላለች። ካቻቪቴውን ከታች አስደግፈን ሰማንና «ይቁም» አልናት። ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። ለእሷ የዚያ ሳምንት ገቢ የልጆች ልብስና የሁለት ወር አስቤዛ ነበር። ሹፌሩም «ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል» ብሎ ተከራከረ። እሷ ግን አቆመችው። ሞተሩ ሲወርድ ብሮንዚናው ተበልቶ ተገኘ፤ ክራንክ ሻፍቱ ግን ገና አልተጎዳም ነበር። የበዓሉን ገቢ አጣች፣ ያ ገንዘብ አልተመለሰም። ሞተሩ ግን ተረፈ፤ ዛሬ ከኮምቦልቻ ይመላለሳል።

እንግዲህ ማዳመጥ አንዳንዴ ገንዘብ ያስቀራል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዛሬውኑ ገንዘብ ያስወጣል። ሁለቱንም ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ ነው የሚጠቅመው። የምንወደውን መልስ ብቻ የሚሰማ ጆሮ ባይኖር ይሻላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የመኪናም እንዲሁ ነው።

አንዳንድ እናቶች «ይህ የሹፌሩ ሥራ አይደለም ወይ?» ብለውናል። ሹፌሩ የመጀመሪያው ሰሚ ነው፤ ክብሩ ይጠበቅ። ነገር ግን በየቀኑ የሚሰማ ሰው ቀስ በቀስ የሚያድግ ድምፅ ይለምደዋል፤ ወፍጮ ቤት የሚያድር ሰው ወፍጮው እንደማይሰማው ሁሉ። በወር አንዴ የምትሳፈር ሴት ግን «ባለፈው እንዲህ አልነበረም» ትላለች። ይህን ያለች ሴት ዝም እንዳትባል። ደግሞ ድምፁ ባለሙያው ፊት የመጥፋት ጠባይ ስላለው ማለዳ ላይ በስልክ እንቅረጸው።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡም አላችሁ። ሻጩ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። የጠዋት ድምፆች ሞቆ አይሰሙም። ኮፈኑን ዳስሳችሁ ቀዝቃዛ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ «ነገ በማለዳ እንመጣለን» በሉ። በጣም የወፈረ ዘይት ጨምሮ የብሮንዚናን ድምፅ ለጥቂት ቀን ማፈን ይቻላል። ስለዚህ ሞቆ፣ ሰው ጭኖ፣ ዳገት ወጥቶ ሳይሰማ አይገዛም።

ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ለድምፅ ያቀርባል። አንደኛ፣ በማኅበሩ መኪና ውስጥ ደብተር ይቀመጥ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ መሆኑ፣ ከየት እንደሚሰማና የዘይቱ መጠን ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ደብተሩ ሳይነበብና ሁለተኛ ባለሙያ ሳያይ ከቁጠባ ገንዘብ ሞተር አይውረድ። ሁለተኛው ባለሙያ ለቤንዚን ሞተር የአንዱን ካንዴላ ገመድ በየተራ እያላቀቀ ምቱ የሚቀንስበትን ሲሊንደር ፊታችን ያሳየን፤ ከታች የሚመታ እውነት ከሆነ ሲሊንደሩ ይታወቃል። ይህን እኛ ራሳችን አንሞክረውም፤ ኤሌክትሪኩ ይመታል። ሦስተኛ፣ ከየወሩ መዋጮ ትንሽ ለይተን የጥገና ሣጥን እንክፈት። መኪናዋ «ትቁም» የተባለች አባል የዕለት ገቢዋ ስለሚቋረጥባት ብቻ የታመመ ሞተር እንዳታስነዳ ከሣጥኑ ብድር ታግኝ። እንዲህ ካልሆነ «አቁሚ» ማለታችን ምክር አይሆንም፤ ባዶ ቃል ነው።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን ቡናው እስኪፈላ ወደ ግቢው እንውጣ። ኮሮላው ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም፤ ቀዝቃዛ ነው። ካቻቪቴውና ጎማው ተዘጋጅቷል። አምስት አምስት እየሆናችሁ ኑ፣ ሻሻችሁን አጥብቁ፣ ልጆቹን ከወይዘሮዋ ጋር ተዉአቸው። የሰማችሁትን ለጎረቤታችሁ ሳትነግሩ በየራሳችሁ ጻፉ፤ በኋላ እናስተያየዋለን።

አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቀን።